አንድ ኮርድ፣ ስንት አያያዝ?

ሰሞኑን ከደረሱኝ የጊታር ጥያቄዎች ብዙዎቹ ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይመጣሉ። የትኛው ጣት የት ይቀመጥ? ስለዚህ የዛሬውን አምድ ሙሉ በሙሉ ለጣት ሰጥቼዋለሁ። ለመግባባት ያህል፣ ኮርድ ማለት አብረው የሚመቱ ኖታዎች ናቸው። 1ኛ ክር የምለው ቀጭኑን፣ 6ኛ የምለው ወፍራሙን ነው። 2ኛ ፍሬት ስል ደግሞ ከ1ኛው ብረት እስከ 2ኛው ብረት ያለውን ቦታ ማለቴ ነው። ቅኝቱ የተለመደው ነው፤ ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ጊታር ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። ኤ ሜጀር ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ። ያስጀመረኝ ልጅ ሌባ ጣት፣ የመሃል ጣት፣ የቀለበት ጣት እያለ ከላይ ወደ ታች በተርታ አሳየኝ። ቪዲዮ ላይ ያየሁት ሰውዬ ግን የመሃል ጣቱን ከላይ፣ ሌባ ጣቱን መሃል አድርጎ ነው የሚይዘው። ሌላው ደግሞ በአንድ ጣት ብቻ ጨፍልቆ ይዞት ይጫወታል። የትኛው ነው ልክ? ጣቶቼ ወፈር ያሉ ስለሆኑ ሦስቱም አይገቡልኝም፣ 1ኛው ክር ሁሌ ይታፈንብኛል።
(ባለ ወፍራም ጣቱ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሦስቱም ልክ ናቸው። ላጽናናህ ብዬ አይደለም። ኤ ሜጀር ማለት ሦስት ኖታ ነው፤ ኤ፣ ሲ ሻርፕ እና ኢ። 4ኛው፣ 3ኛውና 2ኛው ክር 2ኛ ፍሬት ላይ ከተጫኑ፣ 5ኛውና 1ኛው ክፍት ሆነው ከተመቱ፣ ኮርዱ ሞልቷል። የጫነው ጣት የትኛውም ይሁን፣ ጥርት ብሎ እስከወጣ ድረስ ድምፁ ያው ነው።

ታዲያ ስለ ጣት ይህን ያህል የምንጨነቀው ለምንድነው? ቀጥሎ ለሚመጣው ኮርድ ስንል ነው። አያያዝ የሚመረጠው አሁን ለያዝከው ኮርድ ብቻ ሳይሆን ለሚከተለው ነው። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ያስተማረኝ ሰው ተርታውን አያያዝ ብቻ ነበር የሚያውቀው፣ ጣቴን ባቀያየርኩ ቁጥር "ተው!" ይለኝ ነበር፣ እኔም ለወራት ከኤ ወደ ዲ ስሄድ እጄ አየር ላይ እየተንሳፈፈ ምቱን እስት ነበር። ስለዚህ ጥያቄህ በደንብ ይገባኛል።

እስቲ ጊታርህን አንሳና አብረን እናድርገው። የመሃል ጣትህን 4ኛው ክር ላይ፣ ሌባ ጣትህን 3ኛው ላይ፣ የቀለበት ጣትህን 2ኛው ላይ አድርግ፣ ሁሉም 2ኛ ፍሬት ላይ። ቪዲዮ ላይ ያየኸው ይሄ ነው። መጀመሪያ ግራ ያጋባል፣ ሌባ ጣት በሁለቱ መሃል ሾልኮ የገባ ይመስላል። አሁን ወደ ዲ ሜጀር ሂድ። ሌባ ጣትህን ግን እንዳታነሳ! ዲ ውስጥም ቦታው እዚያው 3ኛው ክር፣ 2ኛው ፍሬት ነው። የቀለበት ጣትህም ክሩን አይለቅም፣ እዚያው 2ኛው ክር ላይ እንዳለ ወደ 3ኛው ፍሬት ይንሸራተታል። ከቦታው የሚነሳው የመሃል ጣት ብቻ ነው፤ ከ4ኛው ክር ተነስቶ 1ኛው ላይ ያርፋል። በቃ። አምስት ስድስት ጊዜ ቀስ ብለህ ተመላለስበት፣ ሌባ ጣትህ እንደ ምሰሶ ቆሞ ሌሎቹ በዙሪያው ሲንቀሳቀሱ ይታወቅሃል።

ከኤ ወደ ኢ ሜጀርም እንደዚሁ ነው። ሌባ ጣት 3ኛውን ክር ሳይለቅ ከ2ኛው ወደ 1ኛው ፍሬት ይሳባል፣ የመሃል ጣት ወደ 5ኛው፣ የቀለበት ጣት ወደ 4ኛው ክር ይወጣሉ። ኤ፣ ዲ እና ኢ የማይነጣጠሉ ጓደኛሞች ናቸው፣ በኤ ሜጀር የሚዘፈን ዘፈን ውስጥ ሦስቱን አንድ ላይ ደጋግመህ ታገኛቸዋለህ። ለዚህ ነው እኔ ለጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ ይህን አያያዝ የማሳየው።

ያንተን ተርታ አያያዝ በዚያው ዓይን እየው። ሌባ ጣት 4ኛው ክር ላይ ነው። ወደ ዲ ስትሄድ እሱም ይነሳል፣ የመሃል ጣትም ይነሳል፣ ሁለቱም አየር ላይ ሆነው ማረፊያ ይፈልጋሉ። የሚያዘገይህ ይሄ ነው። ተርታው ስህተት ነው ማለቴ ግን አይደለም፣ ለማስታወስ ቀላል ነው፣ ከለመድከውና ከፈጠንክበት ደግሞ ማንም ሊያስለቅቅህ አይገባም።

አንተ ያልጠቀስከው አራተኛ አያያዝም አለ። የመሃል ጣት፣ የቀለበት ጣት፣ ትንሿ ጣት በተርታ። ትንሿ ጣት መጀመሪያ ታስቸግራለች፣ ጥቅሙ ግን ሌባ ጣት ነፃ መሆኑ ነው። ከኤ ሜጀር ወደ ኤ ማይነር መሄድ ትፈልጋለህ እንበል። የመሃልና የቀለበት ጣቶችህ ባሉበት ይቆያሉ። ትንሿን አንሳና ሌባ ጣትህን 2ኛው ክር 1ኛ ፍሬት ላይ ጣል አድርግ፣ አለቀ። ደግሞ ይህንኑ ቅርጽ ይዘህ ሁለት ፍሬት ወደፊት ሂድና በነፃው ሌባ ጣትህ 2ኛውን ፍሬት ከ5ኛው እስከ 1ኛው ክር ድፈነው። ቢ ሜጀር ነው። ባሬ ኮርድ (እንዲህ ሌባ ጣት ተጋድሞ ክሮቹን የሚደፍንበት) የሚያስፈራህ ከሆነ በዚህ በኩል ግባ።

አሁን ወደ ወፍራም ጣትህ እንምጣ። የናይሎን ክር ያለው ክላሲክ ጊታር ላይ የክሩ ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ 650 ሚሊ ሜትር ነው። በዚያ ርዝመት 2ኛው ፍሬት ወደ 34 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ሦስት ጣት እዚያ ውስጥ እኩል ተሰልፎ አይቆምም፣ ሰያፍ መሆኑ የግድ ነው፣ ስለዚህ አንዱ ከብረቱ ይርቃል። ከብረቱ የራቀ ጣት ደግሞ የበለጠ መጫን አለበት፣ አለዚያ ክሩ ዝዝ ይላል። ሌባ ጣት መሃል በሚሆንበት አያያዝ እሱ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ሁለቱ ግን ወደ ብረቱ ይጠጋሉ። ሌባ ጣት ጉልበት ስላለው ይችለዋል። የአንገቱም ስፋት ለውጥ አለው። ክላሲክ ጊታር አንገቱ መጀመሪያ ላይ 52 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሰፋል፣ የብረት ክር ያለው አኮስቲክ ብዙ ጊዜ 43 ወይም 44 ነው። አኮስቲኩ ላይ ክሮቹ ይቀራረባሉ፣ ስለዚህ ያንተ ችግር ከጊታርህም ሊሆን ይችላል። የጓደኛ ጊታር ተውሰህ ሞክር።

1ኛው ክር የሚታፈንብህ 2ኛው ክር ላይ ያለው ጣትህ ስለተኛበት ነው። ጣቱን በጫፉ አቁመው። ከአንገቱ ጀርባ ያለውን አውራ ጣትህን ትንሽ ወደ ታች አውርደው፣ የእጅ አንጓህ ወደፊት ይወጣል፣ ጣቶችህም ቀጥ ብለው ከላይ ይወርዳሉ። ጥፍርህንም ቁረጥ! ረጅም ጥፍር ይዞ ጣትን በጫፉ ማቆም አይቻልም።

ይህ ሁሉ ካልሆነልህ በአንድ ጣት ያዘው። በሌባ ጣትህ 4ኛውን፣ 3ኛውንና 2ኛውን ክር አንድ ላይ ጨፍልቅ። 1ኛው ክር ቢታፈን አትዘን። 1ኛው ክር የሚሰጥህ ኢ ነው፣ ኢ ደግሞ 4ኛው ክር 2ኛ ፍሬት ላይ አንድ ኦክታቭ ወርዶ (ያው ኖታ ወፈር ብሎ) አለልህ፣ ስለዚህ ከኮርዱ የጎደለ ኖታ የለም። መጠንቀቅ ያለብህ 1ኛውን ክር አብረህ እንዳትጫነው ነው፣ ያኔ ኤፍ ሻርፕ ይጨመርና ኮርዱ ኤ ሲክስ ይሆናል። ደስ የሚል ድምፅ ነው፣ ዘፈኑ ካልጠየቀው ግን ይረብሻል። እኔ ራሴ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ አንድ ፍሬት ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) 5ኛው ፍሬት ላይ ሳደርግ ከዚህ ሌላ አያያዝ አልጠቀምም። እዚያ ላይ የኤ ቅርጽ የሚያዝበት ቦታ 7ኛው ፍሬት ነው፣ ስፋቱ ወደ 26 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፣ ሦስት ጣት መጠቅጠቅ ትርፉ ድካም ነው።

ጥያቄ፦ ጂ ሜጀርን የምይዘው በመሃል፣ በሌባና በቀለበት ጣቴ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ እንደዚህ ነው የተለማመድኩት። አብራኝ የምትጫወተው ጓደኛዬ ግን "በትንሿ ጣት ካልያዝሽው አይሆንም" አለችኝ። እውነት ነው ከጂ ወደ ሲ ስሄድ እዘገያለሁ፣ ዘፈኑ ጥሎኝ ይሄዳል። ከዓመት በኋላ እንደገና ልጀምር ማለት ነው?
(የተቸገረችው)

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም እንደገና የሚጀመር ነገር የለም። የያዝሽውን ሳትለቂ ሌላ ትጨምሪያለሽ። ጂ ሜጀር ከክፍት ኮርዶች ሁሉ ብዙ አያያዝ ያለው ይመስለኛል፣ እኔም የምወደው ለዚህ ነው።

ጓደኛሽ አይሆንም ያለችው ተሳስታ ነው፣ የጠቆመችሽ አያያዝ ግን ላንቺ ችግር መድኃኒቱ ነው። የቀለበት ጣት 6ኛው ክር 3ኛ ፍሬት፣ የመሃል ጣት 5ኛው ክር 2ኛ ፍሬት፣ ትንሿ 1ኛው ክር 3ኛ ፍሬት። እዚያ ላይ ቆይና ሁለቱን የላይኛዎቹን ጣቶች ልብ ብለሽ እያቸው። ቅርጻቸው የሲ ሜጀር ቅርጽ ነው! ወደ ሲ ስትሄጂ ሁለቱም እንደተያያዙ አንድ ክር ወደ ታች ይወርዳሉ፣ የቀለበት ጣት 5ኛው ላይ፣ የመሃል ጣት 4ኛው ላይ። ትንሿ ትነሳለች፣ ሌባ ጣት 2ኛው ክር 1ኛ ፍሬት ላይ ያርፋል። አንቺ በለመድሽው አያያዝ ግን ሦስቱም ጣቶች ቦታ ተቀያይረው ነው ሲን የሚሠሩት፣ ስለዚህ ብትዘገዪ አይገርምም፣ የልምምድ ማነስ አይደለም።

አንቺ የለመድሽውስ ለምን ይጠቅማል? ወደ ኢ ማይነር። ሌባ ጣት 5ኛው ክር ላይ እንዳለ፣ የመሃል ጣት ከ6ኛው ወደ 4ኛው ክር 2ኛ ፍሬት ይወርዳል፣ የቀለበት ጣት ይነሳል፣ ኢ ማይነር ሆነ። ከዚያ ወደ ሲ ብትሄጂ ደግሞ የመሃል ጣትሽ 4ኛው ክር ላይ ቦታውን ሳይለቅ ይቆያል። ብዙ ሰው ኢ ማይነርን በመሃልና በቀለበት ጣት ብቻ ይማርና ወደ ሲ ሲሄድ ሁለቱን ጣቶች ማገላበጥ ይኖርበታል። በሌባና በመሃል ጣት ቢይዘው ያ ሁሉ ጣጣ ይቀራል። (ወደ ኤ ማይነር ወይም ወደ ኢ ሜጀር ከሆነ የምትሄጂው ግን የመሃልና የቀለበቱ ይሻላል፣ ሌባ ጣት ነፃ መሆን አለበት።)

ሦስተኛው በአራት ጣት ነው። የመሃል ጣት 6ኛው፣ ሌባ ጣት 5ኛው፣ እንደለመድሽው። የቀለበት ጣት 2ኛው ክር 3ኛ ፍሬት፣ ትንሿ 1ኛው ክር 3ኛ ፍሬት። ይሄ ድምፁም ይለያል። በሦስት ጣት ስትይዢው 2ኛው ክር ክፍት ስለሆነ ቢ ይሰጥሻል፣ 5ኛው ክር ላይም ቢ አለ፣ ስለዚህ ሁለት ቢ አለሽ። በአራት ጣት ሲሆን የ2ኛው ክር ቢ በዲ ይተካል። ድምፁ ጠንከር፣ ክፍት፣ ሰፋ ይላል። የቀድሞው ደግሞ ለስለስና ሞቅ ያለ ነው። ዓይንሽን ጨፍነሽ ሁለቱን እያፈራረቅሽ ምቺ፣ ልዩነቱን ወዲያው ትሰሚዋለሽ። እዚህ ላይ ነው አያያዝ የጣት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የጆሮ ጉዳይ የሚሆነው።

የአራት ጣቱ ሌላ ጥቅም ወደ ዲ ሲኬድ ነው። የቀለበት ጣት 2ኛው ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል፣ ሌሎቹ ብቻ ይዞራሉ። የሲን ቦታ ሲ አድ ናይን በሚባለው ኮርድ መተካት የሚቻልበት ዘፈን ከሆነ ደግሞ የቀለበቱና ትንሿ ሳይነኩ፣ የመሃልና ሌባ ጣት ብቻ አንድ ክር ወደ ታች ይወርዳሉ። ብዙ ጊታር ተጫዋቾች ከጂ ወደ ሲ አድ ናይን፣ ከዚያ ወደ ዲ የሚሄዱት በዚህ መንገድ ነው፣ እጃቸው የተንቀሳቀሰ አይመስልም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። በአራት ጣቱ አያያዝ ሌባ ጣትን አንስተሽ፣ 5ኛውን ክር በመሃል ጣትሽ ጫፍ ነካ አድርገሽ ብታፍኚው፣ የቀሩት ጂ እና ዲ ብቻ ናቸው። ቢ ጠፋ ማለት ኮርዱ ሜጀርም ማይነርም አይደለም። ጠንክረሽ ስትመቺ ታች ያለው ጉርምርምታ ይጠራል፣ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ካለ በተለይ ያምራል። ብቻሽን እየዘፈንሽ ከሆነ ግን ቢዋ ትናፍቅሻለች፣ መልሻት።

ልምምዱ እንዲህ ይሁን። የምትጫወቺውን ዘፈን ኮርዶች በወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ጻፊ። በየሁለቱ ኮርዶች መሃል "የትኛው ጣት መቆየት ይችላል?" ብለሽ ጠይቂና ጻፊው። የሚቆይ ከሌለ የሚንሸራተት ፈልጊ። እሱም ከሌለ ቅርጹን ይዞ አብሮ የሚወርድ። ከዚያ ያለ ቀኝ እጅ፣ ክሩን ሳትመቺ፣ ግራ እጅሽን ብቻ እያመላለስሽ ለምጂ። በአንድ ዘፈን ውስጥ ጂን ሁለት ዓይነት ብትይዢውም ምንም አይደለም፣ ወደ ሲ ስትሄጂ በትንሿ፣ ወደ ኢ ማይነር ስትሄጂ እንደለመድሽው።

ጥያቄ፦ ዲ ሜጀርን በሁለት ጣት ነው የምይዘው፣ ሌባ ጣቴን አጋድሜ። ሰው ሲያየኝ ይስቅብኛል። ልተወው?
(ሰነፉ)

መልስ፦ ለምን ትተወዋለህ? ሌባ ጣትህ ከ3ኛው እስከ 1ኛው ክር 2ኛውን ፍሬት ደፍኗል፣ የመሃል ወይም የቀለበት ጣትህ 2ኛው ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ነው። ትክክለኛ ዲ ነው። እንዲያውም ያንን አንዱን ጣት ብታነሳ ዲ ሜጀር ሰቨን ያለ ልፋት ይመጣልሃል፣ ትንሿ ጣትህን 1ኛው ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ብትጨምር ደግሞ ዲ ሰስ ፎር። የሚያሳጣህ አንድ ነገር ነው። 1ኛውን ክር ክፍት ማድረግ ስለማትችል ዲ ሰስ ቱ አይኖርህም። ስለዚህ ሦስት ጣቱንም እወቀው። "ሰነፉ" ብለህ መፈረምህን ግን አልወደድኩትም። ያለ አስተማሪ ራስህ ያገኘኸው አያያዝ ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው ጊታር የጀመርኩት። የግራ እጄ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት እንደ ልብ አይታጠፉልኝም፣ ሲታጠፉም ያመኛል። በሁለት ጣት ብቻ የሚሆን ነገር አለ ወይስ ልተወው?
(የሰባ ዓመት ጀማሪ)

መልስ፦ አባቴ፣ ፈጽሞ እንዳይተዉት። ሕመሙን ለሐኪም ያሳዩት፣ ያመመውን ጣት ደግሞ በግድ አይጫኑበት። ጃንጎ ራይንሃርት የሚባለው ታላቅ የጃዝ ጊታር ተጫዋች በ1928 እ.ኤ.አ. የሚኖርበት ጋሪ ተቃጥሎ የግራ እጁ የቀለበትና ትንሿ ጣት ተጎድተውበት ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ስሙ ዓለምን ያዳረሰው። ዜማውን የሚጫወተው በሁለት ጣት ነበር፣ የተጎዱት ጣቶች የሚያግዙት አንዳንድ ኮርድ ላይ ብቻ ነው። ክርዎን ደግሞ ቀጭን በሆነ ይቀይሩት፣ ወይም የናይሎን ክር ያለው ጊታር ይያዙ፣ ለጣት ይቀላል።

አሁን ይሞክሩት። ሌባ ጣትዎን 2ኛው ክር 1ኛ ፍሬት ላይ፣ የመሃል ጣትዎን 4ኛው ክር 2ኛ ፍሬት ላይ ያድርጉ። ከ4ኛው ክር ጀምረው ወደ ታች ይምቱ። ሲ ሜጀር ነው። ጣትዎን ሳያንቀሳቅሱ አሁን ከ5ኛው ክር ጀምረው ይምቱት። ኤ ማይነር ሰቨን ሆነ። ያው ሁለት ጣት፣ ሁለት ኮርድ። ለጂ አንድ ጣት ይበቃዎታል። የመሃል ጣትዎን 1ኛው ክር 3ኛ ፍሬት ላይ አድርገው አራቱን ቀጫጭን ክሮች ብቻ ይምቱ። ኢ ማይነር በሁለት ጣት ነው፣ ለእህታችን ከላይ እንደነገርኳት ሌባ ጣት 5ኛው፣ የመሃል ጣት 4ኛው ክር ላይ፣ 2ኛ ፍሬት። ለዲ ደግሞ ከላይ ያለው ወጣት የሚይዘውን አያያዝ ይውሰዱ፣ በሌባና በመሃል ጣት። አምስት ኮርድ አለዎት። ከጂ ጀምረው ወደ ኢ ማይነር፣ ከዚያ ሲ፣ ከዚያ ዲ፣ እያንዳንዱን አራት አራት ጊዜ እየመቱ ይዙሩበት፣ ጣትዎ ሲደክም ያሳርፉት።